በእሸት የተከፈለበት ማመልከቻ

በአቃቂ ወንዝ ግራና ቀኝ ከተወለደ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ያለ ጎበዝ ተማሪ አልታየም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ካርዴ ነው። ሦስተኛ ክፍል፣ ከዘጠና ሁለት ተማሪ ሦስተኛ። እናቴ መስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቅላው ነበር፤ ለእንግዳ ከውሃ በፊት የሚቀርበው እሱ ነው። ዛሬም ልጆቼ ውጤታቸው ዝቅ ባለ ቁጥር ያንን ካርድ አነሳባቸዋለሁ። በካርዱ የገረፍኳቸውን ያህል በቀበቶ ገርፌያቸው ቢሆን ኖሮ አድራሻዬ ቂሊንጦ ነበር።

ታዲያ ትናንት፣ በዚህ በጥር፣ የእህቴ ልጅ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት ቤት ልንመርቅ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ነው። ለእኔ ጉልበት አርባኛ ነው። ደረጃው ሥር አንዲት ሴት የሽምብራ እሸት በእስር በእስሩ ደርድራ ትሸጣለች። አንድ እስር ገዛሁና እዚያው ቆሜ መፈልፈል ጀመርኩ። የሽምብራ እሸት የሚያውቅ ያውቃል፤ ቅጠሉ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ጨው ጨው ይላል፣ ከንፈር ያቃጥላል፣ ሽታው ኮምጠጥ ያለ ነው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ክንዴ ላይ ያንጠለጠልኩት የስጦታ ፌስታል ወደቀ።

“ጋሼ፣ ምነው ቆሙ? መልስ ቀረብዎት እንዴ?” አለችኝ ሻጯ።

መልስ አልቀረብኝም። የቆምኩበት ብሎክ ድሮ የጋሽ ታደሰ የሽምብራ ማሳ ነበር። ያንን ሽታ ካሸተትኩ ደግሞ ቢያንስ ለሦስት ቀን ስለ ካርዴ መዋሸት አልችልም። እንግዲህ ቀኑ ሳያልፍ ልጻፈው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቴ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ነው ሲባል ሞጆ ጎማ ሲያስጠግን ይገኛል፣ ሞጆ ነው ሲባል ጅቡቲ። እኔ የማውቀው ፊቱን ሳይሆን የጡሩንባውን ድምፅ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እናቴ ክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። እኔም የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት አንድ ሥራ ነበረኝ፦ ጆግ ይዤ፣ ሜዳውን አቋርጬ፣ ከጋሽ ታደሰ ቤት ወተት ማምጣት። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እናቴ ፊት ግን የሁለት ቀን ጉዞ አደርገው ነበር።

ጋሽ ታደሰ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። በስተርጅናው እትዬ ጫልቱን አግብቶ፣ በእሷ አባት መሬት ላይ ቤት ሠርቶ፣ ሁለት ልጆች ወለደ፦ ዘጠኝ ዓመቷን ለሊሴንና ሰባት ዓመቱን ቦናን። ለሊሴን ሊያስመዘግብ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ነበር አሉ። በመስኮት አጮልቆ ዘጠና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲያይ፣ “ይሄን ያህል ጭነት ባቡርም አይችለው” ብሎ የልጁን እጅ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ እቤት ያስተምራቸው ጀመር።

እቤት ስላችሁ አንድ ክፍል እንዳይመስላችሁ። ቤቱ፣ በረቱ፣ ማሳው፣ የጉድጓዱ አፍ፣ ሁሉም ትምህርት ቤት ነው። ጓሮ ካለው ግራር ላይ የአሮጌ ሐዲድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ጋሽ ታደሰ እሱን በብረት ሲመታው ድምፁ ደብረ ዘይት ይሰማል። ያኔ ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው። ልጆቹ ዩኒፎርም የላቸውም። ሰልፍ የላቸውም። አርፍዳችኋል ብሎ የሚያንበረክካቸው የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባታቸው ጠዋትም አለ፣ ማታም አለ፣ በነጋታውም አለ።

እኔ ጆጌን ይዤ በረት ደጃፍ ቆሜ በቅናት እንደ ወተት እገነፍል ነበር።

በተለይ እሑድ። እሑድ እሑድ ቤተሰቡ ግራሩ ሥር ተቀምጦ የሚመጣው ሳምንት ምን እንደሚማሩ ይመካከራል። አንድ ጊዜ እትዬ ጫልቱ ወተቱን እስክታጠልልልኝ ቆሜ ሰማኋቸው።

“እህ፣ ለዚህ ሳምንት ምን እንጫን?” አለ ጋሽ ታደሰ ደብተሩን ገልጦ።

“ለቦና መደመር ጫንበት” አለች እትዬ ጫልቱ ከበረት። “ትናንት ስድስት እንቁላል ልኬው አምስት አመጣና ‘ያው ነው’ አለኝ።”

“መደመር ሳይሆን መቀነስ ነው የሚያስፈልገው። ቁቤስ?”

“ቁቤማ ይቅደም ብዬሃለሁ! ቋንቋዬ በልጄ እጅ ተጽፎ ሳላይ አልሞትልህም።”

“ፊደሉን ገና ሳይጨርሱ?”

በዚህ ጉዳይ ወር ሙሉ ተከራክረው ነበር። በኋላ ሁለቱ ሐዲዶች ጎን ለጎን ይሂዱ ተባለና ጠዋት አማርኛ ከአባት፣ ከምሳ በኋላ ኦሮምኛ ከእናት ሆነ። እትዬ ጫልቱ ቁቤውን ራሷ የተማረችው ልጆቿን ለማስተማር ስትል ነው፤ ከእነሱ አንድ ገጽ ቀድማ።

“የልጆች ምርጫስ?” አለ ጋሽ ታደሰ። ለካ እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ትምህርት ራሱ ይመርጣል!

“እኔ ማመልከቻ አጻጻፍ” አለች ለሊሴ።

“እኔ አህያ” አለ ቦና።

“የአህያ ምኑን?”

“አህያ በሙሉ።”

ጋሽ ታደሰ ሳይስቅ ጻፈው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፤ “ቦና፦ አህያ በሙሉ”። ማለቴ ሲጽፍ አየሁት እንጂ ምን እንደጻፈ ማወቄን ተዉት፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ያ ሳምንት ገደለኝ። ቦና በአህያዋ ጥርስ መቁጠር ተማረ፤ እትዬ ጫልቱ ከንፈሯን ይዛለት። ከቤት እስከ ጉድጓድ ስንት የአህያ እርምጃ፣ ስንት የቦና እርምጃ እንደሆነ ለካ። አህያዋ ምን ምን እንደምትበላ ዘረዘረ፤ ሦስተኛው ላይ “የአባዬ ባርኔጣ” የሚል ነበረበት። እኔ በዚያው ሳምንት ከዘጠና አንድ ልጆች ጋር አፌን ከፍቼ “የምግብ ዓይነቶች ሦስት ናቸው!” እያልኩ እጮሃለሁ። የት አለ ፍትሕ? እኔ አህያ በሙሉ አልተማርኩ፣ አህያ በግማሽ አልተማርኩ።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ታደሰ ጠራኝ።

“ና እስቲ ግርማ። ሦስተኛ ወጣህ አሉ፤ እናትህ ለሰው ነግራ ጨርሳ ለላሞቹ ነገረቻቸው። በል ከእኛ ጋር ተቀመጥ። ይቺን ቦና ስለ አህያዋ የጻፋትን አንብብለትና ስህተት ካላት አርምለት።”

ዱካ ሳበልኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ወር ሙሉ የተመኘሁት ዱካ! ወረቀቱን ሰጠኝ። አየሁት። ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ይመስላል።

አሁን እመለስበታለሁ ያልኩት ላይ ደረስን። ማንበብ አልችልም ነበር። አራተኛ ክፍል ነኝ፣ ሦስተኛ ወጥቻለሁ፣ ማንበብ አልችልም። ሰሌዳ ላይ ያለውን አሳምሬ እገለብጣለሁ፤ መሳል ነው እንጂ መጻፍ አልነበረም። ጮክ ብሎ የተነበበ ነገር ካለ አንዴ ከሰማሁ አይጠፋኝም፤ መጽሐፉን ይዤ በቃሌ እወርደዋለሁ። ፈተናው ደግሞ እውነት ሐሰትና ምርጫ ነው፤ የእኔ ሦስተኛነት ከፊቴ የሚቀመጠው የሙሉጌታ ትከሻ ጠባብ መሆኑ ነው። እናቴም ማንበብ ስለማትችል የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ሙሉጌታ ግን ዘንድሮ ሌላ ክፍል ተመድቦብኛል።

“ጋሽ ታደሰ፣” አልኩ ወረቀቱን በሁለት ጣቴ እየመለስኩ፣ “ይሄን እኛ አንደኛ ክፍል ጨርሰነዋል። ወተቱ ደግሞ ይረጋብኛል።”

ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ጆጉ ውስጥ የቀረው ለድመት አይበቃም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቅናቴ ሌላ መልክ ያዘ። ያ ዱካ የእኔ ሊሆን አይችልም፤ የተቀመጥኩ ቀን እታወቃለሁ። እኔ ካልተቀመጥኩበት ደግሞ እነሱስ ለምን ይቀመጡበታል? ዘጠና ሁለት መሐል ይግቡና ይዩት! እዚያ ለሊሴም እንደ እኔ ከኋላ ተቀምጣ ትጮሃለች፤ አባትዋም ጠዋት ጠዋት ላሞቹን ያስተምር። መፍትሔው ክስ ነው። ክስ ደግሞ በጽሑፍ ነው።

የሚጽፍልኝስ? እዚህ ላይ ነው የዓለም ጅሎች ሁሉ ተሰብስበው የሚያጨበጭቡልኝ።

ለሊሴ ማመልከቻ አጻጻፍ ከመረጠች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥታ ትቀመጥ ነበር። ከየመንደሩ መጻፍ የማይችል ገበሬ ሁሉ ይመጣል፤ ስለ ድንበር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለጠፋ በሬ። ክፍያው ያገኙትን ነው፤ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ሽንኩርት። ጋሽ ታደሰ አንድ ጥብቅ ሕግ አውጥቶላታል፦ ጸሐፊ የባለጉዳዩን ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ግርጌ ላይ የአመልካችና የጸሐፊ ስም ይሰፍራል። በሃያ ደቂቃ መንገድ ውስጥ ሚስጥሬን ሳላወጣ “ጻፊልኝ” ልላት የምችል ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ባለጉዳይ ራስህ ለምን አትጽፍም ተብሎ አይጠየቅማ!

ክፍያ አልነበረኝም። በመንገዴ ካለው ማሳ ጎንበስ ብዬ አንድ እስር የሽምብራ እሸት ነቀልኩና ተራዬን ጠበቅኩ።

“አመልካች ማነው?” አለች ቀና ሳትል።

“አጎቴ ነው። እኔን ልኮኝ ነው።”

“ካልመጣ አመልካቹ አንተ ነህ። ለማን ይጻፍ?”

“ለትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር።”

“ጉዳዩ?”

“ልጆቹን ትምህርት ቤት የማይልክ አንድ ሰውዬ ስላለ።”

ብዕሯ ትንሽ ቆመ። “ስም አለው ሰውዬው?”

“ስሙ ይቅር። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ኮዬ አካባቢ የሚኖር፣ ሁለት ላም ያለው ብለሽ ጻፊ።”

“ሦስት ናቸው።”

“ምኑ?”

“ላሞቹ።”

“እሺ ሦስት በይ። ልጆቹ ማንበብም መጻፍም ሳይችሉ እያደጉ ነው በይ። አህያ ነው የሚያስተምራቸው በይ። መንግሥት በአስቸኳይ እርምጃ ወስዶ እኛ ክፍል ያስገባልን በይ።”

ጻፈች። እንዴት ያለ ጽሕፈት መሰላችሁ! መስመር የሌለው ወረቀት ላይ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። አልገባትም ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ማንበብ የምትችል ግን የማይገባት፤ ከእኔ ምን ተሻለች?

“ግልባጭ ለማን?”

“ግልባጭ ምንድነው?”

“ሌላ ቦታም እንዲያውቁት የሚላክ።”

“ለሁሉም!” አልኩ።

ቁጭ ብላ አንድ ግልባጭ በእጇ ደገመችልኝ። እሸቱን ተቀብላ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠች። “ቀጣይ” አለች። ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ “ፈጣን ልጅ ናት፣ ትባረክ” አሉ።

ሰኞ ግልባጩን ቀበሌው በር ላይ ካለው የአስተያየት ሳጥን ከተትኩ። ዋናውን ይዤ ዳይሬክተራችን አቶ ወርቁ ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። እኔን አዩኝ። ደግመው አነበቡ።

“ማን ጻፈው?”

“እኔ።”

“አንተ? ሸጋ ጽሕፈት ነው። እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።”

መሳቢያቸውን ከፈት ዘጋ አደረጉና ወረቀቱን ሰጡኝ። ይሄማ ለእኔ ቀላል ነው! የተናገርኩት ራሴ ነኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩት። ሦስቱን ላሞች ሳልረሳ፣ እርምጃው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “ግልባጭ ለሁሉም” ብዬ አሳረፍኩት።

“ጨረስክ?”

“ጨረስኩ ጋሼ።”

“ጎበዝ። የያዝከው የጠመኔና የመጥረጊያ ደረሰኝ ነው።”

ማመልከቻዬን ከመሳቢያው አውጥተው አሳዩኝ። “እዚህ ግርጌ ደግሞ ‘አመልካች ተማሪ ግርማ፣ ጸሐፊ ለሊሴ ታደሰ’ ይላል። ማንበብም መጻፍም አትችልም ያልካት ልጅ ይቺው ናት?”

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለትንሽ ነገር ነው። እኔ የፈለግኩት አቃቂ ራሱ እንዲጠፋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታደሰ ልጆቹን የክት ልብስ አልብሶ መጣ። እኔ በቅጣት ጥግ ቆሜ ነበር። አቶ ወርቁ ለሊሴን ጋዜጣ ሰጧት፤ ሳትደናቀፍ ጨረሰችውና ሁለተኛው መስመር ላይ የማተሚያ ስህተት እንዳለ ነገረቻቸው። ቦናን “አንተስ ምን ታውቃለህ?” ሲሉት ደረቱን ነፍቶ “አህያ” አለ። አቶ ወርቁ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲስቁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

“ጋሽ ታደሰ፣” አሉ እንባቸውን ጠርገው፣ “ላስተማሩት ትምህርት ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ካርድ የለውም። ነገ ሚኒስትሪ ሲፈተኑ ማን ብዬ ልላካቸው? ብቻዬን ባውቀው ዝም እልዎት ነበር፤ ይሄ ልጅ ግን ግልባጩን ቀበሌ አስገብቶታል፤ እነሱም ጠይቀውኛል። መስከረም ላይ መግባት አለባቸው።”

ጋሽ ታደሰ አህያዋ የጀመረችውን ባርኔጣ በእጁ ደጋግሞ አዞረ።

“እስከ ክረምት ይታገሡን” አለ በመጨረሻ። “የጀመርነውን እንጨርስ።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጥፊ ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ከነገ ጀምሮ ለወተት ስትመጣ አንድ ሰዓት ቀድመህ ና” አለኝ።

“የቀረህ ቀን እናትህን ነው የማስጠራው” አሉ አቶ ወርቁ።

እንዲህ ሆኖ የተመኘሁት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዬ ለሊሴ ሆነች፤ ጋሽ ታደሰ “ማስተማርም ትምህርት ነው” ብሎ ለሳምንቱ ጫነባት። መማሪያ መጽሐፌ ደግሞ ማመልከቻው ነበር፤ አቶ ወርቁ ለጋሽ ታደሰ ሰጥተውታል። ከ“ለ” ጀመርን። በቃሌ እንዳልወርደው ከታች ወደ ላይ ታስነብበኛለች፣ ከመሐል ትጀምራለች፣ ቃሉን በመዳፏ ሸፍና ግማሹን ታሳየኛለች። “ማንበብም መጻፍም ሳይችሉ” የሚለው ላይ ሦስት ቀን ቆየሁ።

“ለምን ጻፍሽልኝ?” አልኳት አንድ ጠዋት። “ስለ እናንተ መሆኑ ገብቶሽ ነበር አይደል?”

“የላሞቹን ቁጥር ያረምኩልህ ለምን መስሎህ ነው?”

“ታዲያ?”

“ባለጉዳይ ነበርክ” አለችና ጣቷን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደች።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ግራሩ ሥር ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ማመልከቻዬን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ቦና አጨበጨበ። ጋሽ ታደሰ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

“ጎበዝ፣ ያ ጉርባ!” አለች እትዬ ጫልቱ፤ በኦሮምኛ “አንተ ልጅ” ማለቷ ነው። “አሁን ደግሞ እሸቱን ከማን ማሳ እንደነቀልከው አንብብልን።”

“ከመንገድ ዳር…”

“ከመንገድ ዳር ያለው የማን ነው? ሥሩ ላይ ያለውን አፈር እኔ ነኝ ያራገፍኩት፤ ገና እርጥብ ነበር።”

ለካ የከሰስኳቸው በራሳቸው ሽምብራ ከፍዬ ነው። ቦና መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ለሊሴ ሳትቀር ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። በዚያ ግራር ሥር ከነሱ ጋር የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አደረገው፤ ሲደርቅ መስከረም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለወተት ስሄድ የሐዲዱ ቁራጭ ግራሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ የሚመታው ግን የለም። ጋሽ ታደሰ ዱካው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሰላም ስለው እጁን አነሳልኝ። ያን ዓመት እኔና ለሊሴ አንድ ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ ደረሰን፤ ትምህርት ቤት ስደርስ ትከሻዋ ላይ የሚሰፋ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳ ሰልፋችን መሐል ቆማለች። ዘጠና አራት ነን። ከፊትና ከኋላ እየተገፋች በዓይኗ የምታውቀው ሰው ትፈልጋለች።

ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በእኔ ማመልከቻ ነው የቤቷ ትምህርት ቤት የተዘጋው። ማዘን ነበረብኝ፤ ዛሬም ስጽፈው አዝኜ ነበር ብዬ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር።

አላዘንኩም። እሷም እንደ እኔ ከዘጠና አራቱ አንዷ ሆናለች። ደስ አለኝ።